ወደ ግራ የምትዞረው እንዝርት

ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው ቆላ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ዶሮ የማን ጓሮ እንቁላሏን እንደጣለች፣ አንድ ባጃጅ ለምን ሁልጊዜ አንድ በር ፊት ለፊት ብቻ እንደሚበላሽ፣ ቀድማ የምታውቀው ፍሬሰላም ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ትምህርቱ ከብዶኝ እንዳይመስላችሁ። መምህሩ ሳይጠይቁ እየመለስኩ አስቸግሬያቸው ነው። ስለዚህ መካኒኩ አራጌ የሞተ ቀን፣ መርማሪ ሳይመጣ ገዳዩን መለየቴ ማንንም ሊገርም አይገባም። የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ። ያልነበርኩበትንም ከነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ አውጣጥቼዋለሁ።

አስከሬኑን ያገኙት የእርሻው ጥበቃ አያ ካሳው ናቸው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ነው፤ ሠራተኛው ምሳውን በልቶ በየማንጎው ጥላ ጋደም ባለበት ሰዓት። ከቆርቆሮው መጋዘን ጀርባ ወደ ኩሬው የሚወርድ ቁልቁለት አለ። አራጌ እዚያ በጀርባው ተንጋሎ፣ ደረቱ ደቆ፣ ካቻቢቴውን በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ቀርቷል። ከእግሩ በታች አሥራ ሁለት እርምጃ ርቃ ደግሞ እንዝርት በኩሬው ጭቃ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆማለች።

እንዝርት ሳር ማጨጃ ማሽን ናት። የእርሻው ባለቤት ጋሼ ፈንታው በማንጎና በብርቱካን ዛፎቹ መካከል ያለውን ሳር እንድታጭድ አሮጌ ገዝተው ያስመጧት ናት። ነጂው ላይዋ ላይ ይቀመጣል፤ መሪ ግን የላትም። ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሏት፤ የግራው የግራውን የኋላ ጎማ፣ የቀኙ የቀኙን ያዛል። አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ካደረጉት ባለችበት ትሾራለች። እንዝርት ያልናት ለዚህ ነው።

ነጂዋ ወንድሜ ዘላለም ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ችግኝ አጠጣለሁ።

ከመከራው በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት እንዝርት ታማ ነበር። ሁለቱን እጀታ እኩል ቢገፏትም ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ወደ ግራ ትዞራለች። ዘላለም ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኘውን ቺንጋ አየ፣ አልላላም። ዘይቷን ለካ፣ አልጎደለም። ጎማዋን አስነፋ፣ ያው ናት። በመጨረሻ አራጌ ከቆቦ ተጠራ። አራጌ ጎበዝ መካኒክ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አፉ ግን መጥፎ ነው።

«አንተ ነህ ያበላሸሃት!» አለው ዘላለምን፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ማሽን እንደ ሰነፍ በሬ በጉልበት አይነዳም!»

«አፍህን ሰብስብ፣ አለዚያ እዚያው ሥሯ እቀብርሃለሁ!» አለ ዘላለም።

ይህ ጠዋት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ አራጌ እሷው ሄዳበት ሞቶ ተገኘ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «እቀብርሃለሁ ያልከው የቱ ነህ?» ወንድሜ እጁን ሰጠ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሱ ነው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ እሱ ወህኒ ከወረደ ያለን እኔና ጀሪካኔ ብቻ ነን።

ያኔ ነው የጮህኩት። «ልቀቁት! የገደለችው ዚነት ናት!»

ምክንያት ነበረኝ። ዚነት በእርሻው ዳር ለከብቶቿ ሳር የምታጭድ ሴት ናት። ባሏ እንድሪስ ከአያ ካሳው በፊት ጥበቃችን ነበር። ከስድስት ወር በፊት የውሃ ፓምፑ የኤሌክትሪክ ገመድ በሌሊት ተቆርጦ ተሰረቀና ጥፋቱ እሱ ላይ አርፎ ታሰረ። «የተቆረጠው በእንድሪስ ፒንሳ ነው» ብሎ የመሰከረው ማን መሰላችሁ? አራጌ! በዚያ ላይ በምሳ ሰዓት ዚነት ማጭዷን ይዛ በቁልቁለቱ በኩል ስታልፍ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ዚነት አልጮኸችም፣ አልማለችም። የታሰረውን የሳር ሸክሟን መሬት ላይ አስቀምጣ «አላህ ይይልሽ» አለችኝ። ፖሊሶቹ እሷንም ከዘላለም አጠገብ አስቀመጧት።

ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መጣች። ከዞን ነው የተላከችው። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ አጭር ሴት ናት፣ ሸራ ጫማ ያደረገች። እኔ እንኳ ስጠብቅ የነበረው ጥቁር መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ነበር። አባቷ በደጋ ወፍጮ ቤት ነበራቸው አሉ፤ ልጅነቷን ያሳለፈችው በቺንጋና በዱቄት መሃል ነው።

መጀመሪያ ማንንም አላናገረችም። አራጌ የወደቀበት ቦታ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አየች። ከድንጋዮቹ ወደ ኩሬው ድረስ የእንዝርትን የጎማ ፋና እየተከተለች ወረደች። ሁለቱ መስመሮች ጥሩ አራሽ እንዳወጣው ትልም ቀጥ ያሉ ናቸው። ከዚያ ወደ እንዝርት ጀርባ ዞራ ጎንበስ አለች። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች አጠገብ አንድ አንድ የብረት ዘንግ አለ። የቀኙ ወደ ውጭ ተስቧል። የግራው ገብቷል።

«ይህ ዘንግ ምን ይሠራል?» ብላ ዘላለምን ጠየቀችው።

«መልቀቂያ ነው፣ ኢንስፔክተር። ወደ ውስጥ ከገባ ጎማው ይያዛል፤ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ቁልቁለት ላይ አትንሸራተትም። ስበው እዚያች ሽንቁር ላይ ካጠለፉት ጎማው ይለቀቃል። ስትገፋ ትሄዳለች።»

«ይህን የሚያውቅ ማነው?»

«ሁላችንም። ከጭነት መኪና ያወረድናት ቀን ሁለቱንም መሳብ እንዳለብን ሳናውቅ ግማሽ ቀን ስንገፋት ነው የዋልነው። በኋላ ሹፌሩ ስቆብን አሳየን።»

«ታዲያ በሦስቱ ቀን ዘንጎቹን አላየሃቸውም?»

ዘላለም አንገቱን ደፋ። «ከወረደች ወዲህ ማን ይነካቸዋል ብዬ ነው። ቺንጋውን፣ ዘይቱን፣ ትልቁን ትልቁን ስፈልግ…» ድንገት የቀኙን ዘንግ አየና ቀና አለ። «እንዴ! ግን እኮ የታመመችው…»

«ዝም በል» አለችው። ድምጿን ግን አልጨመረችም። «የታመመው ጎማ የትኛው እንደሆነ እኔ እስክጠይቅህ ድረስ ለማንም አትንገር።»

ከዚያ ማሽኗን በገመድ ከጭቃው አስወጥታ፣ ፊቷን አስነስታ፣ ሥሯ ገባች። ልብሴ ይቆሽሻል አላለችም። ስትወጣ በጣቶቿ መሃል አንዲት ነገር ይዛለች፤ ጥቁር የጎማ ቁራጭ፣ ከውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ መዳብ ብቅ ያለባት። ለማንም ሳታሳይ በመሃረብ ጠቀለለቻት። ማለቴ፣ ከእኔ በስተቀር ለማንም።

የእርሻው ባለቤት ጋሼ ፈንታው ከቆቦ ሲደርሱ ላብ በላብ ሆነው ነበር።

«አራጌ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ደወለልኝ» አሉ። «እንደ ልማዱ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ‹ማሽንህ ድናለች፣ በሽታዋ የአንድ ዘንግ መውጣት ብቻ ነበር፣ መልሼዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ጉልበቷን ስፈትን ግን ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር ተንኳኳ። ቶሎ ና፣ በስልክ የማይወራ ነገር አግኝቻለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ምሳዬን ልጨርስ ብዬ…» ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

«የትኛው ዘንግ እንደሆነ ነግሮዎታል?»

«የለም፣ አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያለኝ።»

ቀጥሎ አያ ካሳው ወደ መጋዘኑ ተጠሩ። አስከሬኑን እስካገኙ ድረስ ከበሩ ንቅንቅ እንዳላሉ ተናገሩ፤ ምስክር ግን የላቸውም። ኢንስፔክተሯ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ስታወራቸው ቆየችና እንደዘበት «አባቴ፣ እንዝርት ወደ ግራ የምትዞረው የቱ ጎማዋ ታሞ ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

«ግራዋ ነዋ፣ ልጄ!» አሉ ሽማግሌው። «አርባ ዓመት አርሻለሁ። ብርቱው በሬ ወደፊት ይሄዳል፣ ደካማው ይቀራል፤ ቀንበሩም ወደ ደካማው ይዞራል። ማሽንም ቢሆን ያው ጥማድ ነው።»

እኔ በመጋዘኑ መስኮት ስር ሆኜ ሳቄን አፈንኩ። ሰው ሞቶ ስለ በሬ ይወራል! ወንድሜ በዚህች ሴት እጅ ከወደቀ አለቀለት አልኩ በሆዴ።

ዚነት ስትጠየቅ ደረቅ ብላ ነው የመለሰችው።

«አዎ፣ በዚያ አልፌአለሁ። ወላሂ አልደበቅኩም። ሳሩ ያለው እዚያ ነው።»

«አራጌን ትጠይው ነበር?»

«ባሌን በምላሱ ያሳሰረ ሰው ነው፤ ልውደደው እንዴ? ግን እንድሪስን የሚያስፈታልኝ የአራጌ ሞት አልነበረም። አንድ ቀን ‹ተሳስቻለሁ› እንዲል ነበር ዱዓዬ። አሁን ማን ይበልልኝ?»

ኢንስፔክተሯ ያንኑ የጎማ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«እኔ ማሽን አላውቅም። ግን ግራ እግሯን እንዳነከሰች በቅሎ ነው የምትሄደው። ግራው ይመስለኛል።»

ሦስተኛው ተጠያቂ እንዳለው የሚባለው የመጋዘኑ ኃላፊና የሠራተኛው አለቃ ነው። ደህና ሰው ነው፤ ለኢንስፔክተሯ ወንበር አቀረበላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣላት። በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አለ።

«ይህ ቆርቆሮ እኮ ቀጭን ነው» አለች ግድግዳውን በጣቷ እያንኳኳች።

«እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ኢንስፔክተር። በዚህ ሙቀት ማን ይነቃል?»

«ከመጋዘኑ ኋላ ያለው ሳር ለምን ወገብ ያህል ሆነ? ሌላው ሁሉ ታጭዷል።»

«እባብ አለበት። ሴቶቹን እንኳ አላስገባም። ከሦስት ቀን በፊት እንዝርት ወደ ግራ አምልጣ ጫፉ ውስጥ ስትገባበት ዘላለምን ተቆጥቼዋለሁ።»

«ከዚህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?»

«ጋሪ ነጂ ነበርኩ!» ደረቱን ነፋ። «አሥራ ሁለት ዓመት በቆቦ ከተማ። ፈረስ እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም።»

«ጎበዝ። እንግዲያው አንተ ታውቀዋለህ። እንዝርት ወደ ግራ ስትዞር የታመመው የትኛው ጎማ ነው?»

«ቀኙ ነው እንጂ!» አለ ሳያስብ። «ፈረስ ወደ ግራ የሚሄደው የግራው ልጓም ሲሳብ ነው። የሚስበው ጤነኛው ነው፤ የላላው ሌላኛው ነው። ማሽንም እንደዚያው ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። ውሃውን ሳትጠጣ ተነሳች።

እኔን ያገኘችኝ ከመስኮቱ ስር ነው። አልተቆጣችም።

«ስምሽ ማነው?»

«ፍሬሰላም። ገዳዩን የነገርኳችሁ እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ። ይህ ጀሪካን አይከብድሽም?»

«ኧረ እኔ አልሸከመውም! ሞኝ ነኝ እንዴ? ዘላለም ከኩሬው ወደ ችግኙ ሲያልፍ እንዝርት ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ከኋላዋ አሪፍ ማንጠልጠያ አላት። እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«በዚህ ሳምንት።»

«በየትኛው በኩል?»

«በግራዋ።»

ትክ ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ብልህነቴ የገባት መሰለኝ። ያን ሌሊት ሁለት ፖሊሶች የመጋዘኑን ዙሪያ ሲጠብቁ አደሩ፤ ማንም ወደ ኋላ እንዳያልፍ ተከለከለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁላችንም ከመጋዘኑ ኋላ ተሰበሰብን። ጋሼ ፈንታው፣ አያ ካሳው፣ እንዳለው፣ ዚነት፣ እጁ በካቴና የታሰረው ዘላለም፣ እኔም። እንዝርት ታጥባ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆማለች፤ የቀኝ ዘንጓ እንደተገኘው ወጥቷል፣ የግራው እንደተገኘው ገብቷል።

«አራጌ እንዴት እንደሞተ እናያለን» አለች ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ። «ማሽኗ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ነበር። አራጌ የፊት ጎማዎቿን ሁለት ድንጋይ ላይ አውጥቶ ሥሯ ገባ። አልፈራም፤ ሁለቱም ዘንጎች ገብተው ስለነበር የኋላ ጎማዎቹ ተይዘዋል። ከዚያ ማሽኗ ከድንጋዩ ላይ ወረደችና በላዩ አለፈች። በምን ምክንያት? እንዲህ ሆና ስላገኘናት ብዙ ሰው ‹አንዱ ዘንግ እንደገና ሾልኮ ነው፣ የአምላክ ቁጣ ነው› ይላል። ደህና። እንግዲህ እንዲሁ እንዳለች ግፏት።»

አያ ካሳውና እንዳለው ከኋላ ገፏት። እንዝርት ካስማ ላይ እንደታሰረች በቅሎ በግራ ጎማዋ ዙሪያ ተሽከረከረች እንጂ አንድ እርምጃ አልወረደችም። እንደገና ገፏት። እንደገና ዞረች።

«ትናንት የሄደችበትን ፋና ሁላችሁም አይታችኋል። አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ቀጥ ያለ። አንድ ዘንግ ብቻ ወጥቶ ቀጥ ብላ አትወርድም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሁለቱም ወጥተው ነበር። ታዲያ ስናገኛት ግራው ለምን ገብቶ ተገኘ? የሞተ ሰው ተነስቶ ዘንግ አይመልስም። ሁለቱን ስቦ የገፋት ሰው ነው ኩሬው ድረስ ወርዶ አንዱን የመለሰው።»

«ለምን ይመልሰዋል?» አሉ ጋሼ ፈንታው።

«አደጋ እንዲመስል። በሽታዋ የአንድ ዘንግ መውጣት እንደሆነ ሰምቷል። አንዱን ብቻ ወጥቶ ከተወው ‹የታመመችው ጎማ ገደለችው› ይባላል። ይህን ያወቀው ከየት ነው? ዘላለም እንኳ በሦስት ቀን አላወቀም። አራጌ የተናገረው ለእርስዎ ብቻ ነው፣ በስልክ፣ እየጮኸ፣ ከዚህ ቆርቆሮ ግድግዳ ሥር።»

ሁላችንም መጋዘኑን አየን። እንዳለው ግንባሩን ጠረገ። «እኔ ተኝቼ ነበር ብያለሁ።»

«ብለሃል። ዘላለም፣ አሁን ተናገር። ታሞ የነበረው የትኛው ጎማ ነው?»

«ግራው ነው፣ ኢንስፔክተር! ትናንት ልነግርዎት የነበረው እሱን ነው። ቀኙ ምንም ሆኖ አያውቅም!»

«አዎ፣ ግራው ነው። ግራው የማይስብ ከሆነ ቀኙ ብቻውን ይገፋና ወደ ግራ ያዞራታል። ግን ገዳዩ አንዱን ዘንግ ሲመርጥ የተወው ቀኙን ነው። ተሳስቷል። ዘላለም ቢሆን አይሳሳትም፤ በየቀኑ ይነዳታል። አያ ካሳውን ጠየቅኩ፤ በጥማድ አስበው ግራው አሉኝ። ዚነትን ጠየቅኩ፤ በዓይኗ አይታ ግራው አለችኝ። የታመመው ቀኙ ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። በልጓም ያስባል።»

እንዳለው ሳቀ።

«በፈረስ ወሬ ሰው ይታሰራል? ለምን እገድለዋለሁ? አራጌ ወዳጄ ነው!»

ኢንስፔክተሯ መሃረቧን ፈታች። «ይህን ከማሽኗ ሆድ ውስጥ፣ ከማጨጃው ምላጭ ዘንግ ላይ ነው ያገኘሁት። አራጌ ትልቁን ቁራጭ ፈትቶ አውጥቶታል፤ እሱ ተወስዷል፣ ይህች ግን ቀርታለች። ጋሼ ፈንታው፣ ያውቋታል?»

ጋሼ ፈንታው አቀርቅረው አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «የፓምፑ ገመድ ነው! የተሰረቀው!»

ዚነት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዘላለምን ፍቱት» አለች ኢንስፔክተሯ ለፖሊሶቹ። «ዘላለም፣ ቀኙን ዘንግ መልስና ተቀመጥባት። ምላጩን አውርድ። ይህን ወገብ ያህል ሳር እጨድልኝ፤ ከዚህ እስከ ግድግዳው።»

ወንድሜ እጁን እያሻሸ ወጣ። ሞተሩ ተነሳ። ሁለቱን እጀታ እኩል ገፋ። እንዝርት ከሦስት ቀን በሽታ በኋላ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ረጅሙን ሳር እየበላች፣ አቧራና ገለባ እየተፋች። አሥር ሜትር ቀራት። አምስት ሜትር።

«አቁም!» እንዳለው ዘሎ ከፊቷ ገባ። «አቁም፣ ምላጩ ይቆርጠዋል!»

«ምኑን?» አለች ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ።

እንዳለው አልመለሰም። ፖሊሶቹ ሳሩን ገልጠው ስልሳ ሜትር ሙሉ ገመድ፣ እንደ ዘንዶ የተጠቀለለ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ አገኙ። ጫፉ በምላጭ ተበጣጥሷል። እንዳለው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። የእንድሪስን ፒንሳ ከጥበቃ ቤቱ ወስዶ እንደቆረጠበት፣ ወሬው እስኪበርድ እዚያ እንደደበቀው፣ አራጌ በስልክ ሲጮህ ሰምቶ እንደወጣ፣ ሁሉንም ተናገረ። «እንዳያጋልጠኝ ብዬ ነው እንጂ ሞቱን አልፈለግኩም» አለ።

እኔ ዘላለም አንገት ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እምባዬን ጠርጌ «ኢንስፔክተር፣ መጀመሪያ የግራውን ዘንግ ማን አወጣው?» አልኩ። ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው፤ ማንም አላሰበውም።

ኢንስፔክተሯ ጀሪካኔን ከእግሬ ሥር አነሳች። ውሃ የሞላው ነው። ወደ እንዝርት ኋላ ሄዳ የግራውን ዘንግ ጫፍ አሳየችኝ፤ የእኔን አሪፍ ማንጠልጠያ። ጀሪካኑን ሰቀለችበት። ዘላለምን ትንሽ ንዳት አለችው። ማሽኗ አንድ ጉድጓድ ላይ ስትንገጫገጭ ጀሪካኑ ተወዛወዘ፣ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ወጣና ሽንቁሩ ላይ ተጠለፈ። እንዝርት ወደ ግራ ዞረች።

አያ ካሳው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አራጌን አስታወሱ መሰለኝ፣ አቆሙ። አራጌን ከቆቦ ያስጠራው የእኔ አምስት ሊትር ውሃ ነው። ይህን ማንም አልተናገረውም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ሳስበው አደርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንድሪስ ተፈታ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ እያለ ሲጎርፍ እኔም ሄድኩ። ግቢው ሰው ሞልቷል፤ አንዱ ፍየል ያርዳል፣ አንዱ ሸራ ይወጥራል። እንድሪስ ከስቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዚነት ደጃፉ ላይ ቆማ እንግዳ ታስገባለች። ሳያት ደስ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ሰው እንዲሰማ።

«እቴ ዚነት፣ እንኳን ደስ አለሽ! ነገሩን በልብሽ ብትመዝኝው እኮ እንድሪስን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። እኔ ባላሳምማት እንዝርት ወደዚያ ሳር አትገባም፤ ካልገባች ገመዱ አይገኝም፤ ገመዱ ካልተገኘ…»

ዚነት ቃሌን እስክጨርስ አልጠበቀችም።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይቅርታ ልትዪ የመጣሽ መስሎኝ ነው በሩን የከፈትኩልሽ። ካልሆነ መልሰሽ ዝጊልኝ፤ ዝንብ እየገባ ነው።»